ከአረንጓዴው ስር

ሦስተኛው ክፍል፣ በስተ ግራ፣ ከመስኮቱ ትይዩ፣
አንድ ሥዕል አለ፤ ሰዎች የማያዩት እያዩ።
እኔ ግን ጠባቂ ነኝ፤ እንጀራዬ ማየት ነው፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከፊቱ የተቀመጥኩ ሰው።

የካራምቡላ ጠረጴዛ፤ ቀዳዳ የለው፣ ኪስ የለው፣
ኳስ ገብቶ እፎይ የሚልበት አንዲት ቤት የለው፤
ሁለት ነጭ፣ አንድ ቀይ፣ ሦስት ኳሶች ብቻ፣
ደንበኛው ሁሉ ሄዷል፤ ወንበር ለብቻ ለብቻ።
ስቴካው ከግድግዳው ተደግፎ ቆሟል፤
አንደኛው ነጭ ኳስ ግን፣ ጠርዙ ደብዝዞ፣ ይሄዳል።

ማን መታው?

ደግሞም ጥላ አለ፤
ከጨርቁ ላይ የተጋደመ፣ ክርኑን ያጠፈ፣ ትከሻውን የሰበረ፣
ባለቤቱ ወጥቶ ሲሄድ ረስቶት የቀረ።
ለጉብኝት የመጡ ልጆችን «የማን ነው?» እላቸዋለሁ፤
«የወንበሩ!» ይሉኛል።
ወንበር ክርን የለው፤ ዝም ብዬ እስቃለሁ።

አምና በክረምት ማዳም ኦርታንስ መጣች፣ ሥዕል የምታክም፣
እንጨት ላይ ጥጥ ጠቅልላ፣ በምራቋ አርሳ፣ ስትጠርግ የመቶ ዓመት ጥቀርሻና ጭቅቅት፣ ሳትደክም።
ቆይታ ራጅ አነሳችው፣ እንደ ታመመ ሳንባ፤
ከአረንጓዴው ስር አንድ ሰው ቀስ እያለ ገባ።
ጎንበስ ብሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ስቴካ የያዘ፣
ሁለት ጣቱን መዘውር በልቶበት፣ በቀሩት ሦስቱ ኳስ ያዘዘ።

ከማኅደር ደብዳቤ ተገኘ፣ የሰዓሊው የላምበር ዶዞኝ፦
«ሰርቬ አንኬ ይባላል፣ ሸማኔ ነው፤ በአንድ ብርጭቆ ቢራ ሦስት ማታ ቆመልኝ።»

ያንኑ ጨርቅ የሸመነ፣ ያንኑ አረንጓዴ ሱፍ፣
ቀን ቬስድር ወንዝ ዳር፣ ከቬርቪዬ ፋብሪካ፣ ሲያጥብ፣ ሲያበጥር፣ ክር ሲያሳልፍ፣
ማታ በገዛ እጁ ሥራ ላይ ክርኑን የሚያሳርፍ።

የቡና ቤቱ ጌታ ሥዕሉን አይቶ ቆጣ አለ፤
«የከፈልኩህ ለጠረጴዛዬ ነው፤ ሸማኔ ሳልልኝ ማን አለ?»

ጥር ነበር። ከሰል አልቋል። የቤት ኪራይ የሦስት ወር።
ላምበር ቀለም በጠበጠ፣ አረንጓዴ ባረንጓዴ ላይ ሲደርብ ሊያድር፤
ሰርቬን በገዛ ጨርቁ ከፈነው፣ ያለ ደወል፣ ያለ መቃብር።

ሸራ ጀሶ ይቀባል አስቀድሞ፤ የስቴካም ጫፍ ጀሶ ይቀባል፤
ሁለቱም እንዳይንሸራተት ነው።
እጅ ግን ይንሸራተታል።

ጥላውን ለምን ተወው? ደብዳቤው አይናገርም።
ቀለም አልቆበት ይሆን? ወይስ ብሩሹ እምቢ ብሎት? አላውቅም።
ማዳም ኦርታንስ «ጥድፊያ ነው» ትላለች፤
ከኔ በላይ አንብባለች፤
ግን ኳሱንስ? እላታለሁ። ኳሱ እኮ አልቆመም!
መቺውን የሚያጠፋ ሰው ምቱን ማጥፋት እንዴት ተሳነው? እሷም መልስ የላትም።

ዳይሬክተሩ ስብሰባ ጠራ፦ አረንጓዴው ይፋቅ ወይ?
ሰውዬው ይውጣ ወይ?
አንዱ ፍትሕ አለ፣ አንዱ በጀት አለ፣ አንዷ አለቀሰች።
እኔን ማንም አልጠየቀኝ፤ ሻይ ላቀርብ ነበር የገባሁት፤ ግን አፌ አመለጠች፦
«ቢፋቅ እኮ ጨርቁ ይሞታል፣
ጨርቁም የሰርቬ ነው።»
ስኳር አቀብለኝ አሉኝ። ነገሩም በይደር ቀረ።
እስካሁን በይደር ነው።

አሁን በአምስት ሰዓት ተኩል፣ ጎብኚው ሲያልቅ፣
መብራት በየተራ ሳጠፋ፣ የወለሉ ጣውላ ሲንቋቋ፣ ሲጮኽ፣ ሲናጥቅ፣
በአቋራጩ፣ በሥዕሉ ፊት፣ ወደ በሩ አላልፍም፤
ግድግዳ ግድግዳውን ዞሬ እሄዳለሁ፤ ጉልበቴም ቢያመኝ አልሰንፍም።
ሰው ጎንበስ ብሎ ሲያነጣጥር
ከፊቱ አይታለፍም።